ቻርቱ ባዶ የሚሆነው ገጹ በቀጥታ ከፋይል ስለሚከፈት ነው

የወርሃዊ የገበያ ዋጋ መረጃዎን በጄሰን (JSON፣ መረጃ በጽሑፍ መልክ የሚቀመጥበት ቅርጸት) ፋይል አስቀምጠው በቻርት ጄኤስ (Chart.js፣ ቻርት የሚሥል የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ) ለማሳየት ሲሞክሩ ባዶ ሣጥን ብቻ የሚታይዎት ኮድዎ ስለተሳሳተ አይደለም፤ ገጹን ከፎልደሩ ላይ ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርገው ስለሚከፍቱት፣ ብሮውዘሩ ለደህንነት ሲል «ፌች» (fetch) የተባለው፣ መረጃ የሚያመጣው ትእዛዝ አጠገቡ ያለውን ፋይል እንኳ እንዳያነብ ይከለክለዋል።

1. ፓይተን ኮምፒውተርዎ ላይ ካለ፣ ተርሚናሉን በገጹ ፎልደር ውስጥ ከፍተው ከፓይተን ጋር አብሮ የሚመጣውን የኤችቲቲፒ ሰርቨር ያስነሱ።
2. ገጹን በብሮውዘር በሎካልሆስት (localhost፣ የራስዎ ኮምፒውተር አድራሻ)፣ በፖርት 8000 ይክፈቱት።

ጊትሀብ ፔጅስ (ድረ ገጽ የሚያስተናግድ የኢንተርኔት አገልግሎት) ላይ ሲጭኑት ያው ኮድ ሳይለወጥ ይሠራል። ሰርቨር ማስነሳት የማይፈልጉ ከሆነ መረጃውን በአንድ የጃቫስክሪፕት ፋይል ውስጥ ጽፈው፣ ከቻርቱ ኮድ አስቀድሞ እንዲጫን በስክሪፕት ታግ ያስገቡት፤ መረጃው ጥቂት ረድፎች ብቻ ሲኖሩት እኔ የምመርጠው ይህንን መንገድ ነው።

ከልምዴ አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ቀኖቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ከሆኑ የቻርት ጄኤስን የጊዜ ዘንግ (ቀኖችን እንደ ጊዜ አንብቦ የሚደረድረውን የቻርቱን መስመር) አይጠቀሙ። ጃቫስክሪፕት በቁጥር የተጻፈውን ቀን እንደ ጎርጎርዮሳዊ ስለሚያነበው፣ 2016 ብለው የጻፉት ዓመት ያለ ምንም የስህተት መልእክት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደኋላ ይሄዳል፤ 13ኛ ወር ብለው የጻፉትን ጳጉሜን ደግሞ ጨርሶ አይቀበለውም። ስለዚህ «መስከረም 2016» እያሉ የወሮቹን ስም እንደ ተራ ጽሑፍ በሌብልስ (labels፣ በዘንጉ ላይ የሚታዩ መለያ ጽሑፎች) ዝርዝር ውስጥ ያስገቡ፤ ቻርቱም በሰጡት ቅደም ተከተል ይደረድራቸዋል። ጳጉሜን ግን አምስት ወይም ስድስት ቀን ብቻ ስለሆነች፣ የወር ድምር የሚያሳዩ ከሆነ ከነሐሴ ጋር ደምረው ያቅርቧትና ይህንኑ ከቻርቱ ሥር ይግለጹ።