መኖ ጥራጥሬ በጅማ ቀይ አፈር፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከሰቃ ጨቆርሳ)፦ በክረምቱ መግቢያ የዘራሁት ላብላብ (የመኖ ጥራጥሬ) ከክንድ ሳይረዝም ቢጫ ሆነ። ሥሩ ዕጢ አለው፤ ታዲያ ናይትሮጅኑን ለምን ከአየር አይወስድም? ዩሪያ ልጨምርለት?

መልስ፦ ዩሪያ አይጨምሩ። ናይትሮጅኑን ከአየር የሚወስደው በዕጢው ውስጥ የሚኖረው ባክቴሪያ ስለሆነ፣ የዕጢው መኖር ብቻ አይበቃም፤ አንዱን በጥፍርዎ ሰንጥቀው ውስጡን ይዩት። እንደ ሥጋ ከቀላ ባክቴሪያው ሥራ ላይ ነው፤ ከነጣ ወይም ከአረንጓደ ግን ተክሉ ባክቴሪያውን በከንቱ እየቀለበ ነው። የአፈሩ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲያንስ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም ሟሙቶ ሥሩን ያሳጥረዋል፤ በቀዩ አፈራችን የሞላው ብረትና አሉሚኒየም ፎስፈረሱን አጥብቆ ስለሚይዘው፣ አንድ የናይትሮጅን ሞለኪውል ለመለወጥ ቢያንስ 16 ኤቲፒ (ፎስፈረስ ያለበት የሕዋስ ጉልበት ሞለኪውል) የሚፈጀው ባክቴሪያ ጉልበት ያጣል። ለዚሁ ሥራ የሚያስፈልገው ሞሊብዲነም የተባለ ንጥረ ነገርም በአሲዳማ አፈር ውስጥ ለተክሉ እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ በሚቀጥለው ዘር ፎስፈረስ ያለበትን ማዳበሪያ አይበትኑት፤ ከዘሩ ጎን ዝቅ አድርገው በመስመር ይቅበሩት፤ ከአፈሩ ጋር የሚነካካው ባነሰ መጠን የሚታሰረውም ያንሳል።

ጥያቄ (ከአጋሮ)፦ በዚህ አፈር አልፋልፋ የተባለው የመኖ ጥራጥሬ ይሆናል?

መልስ፦ አሲዱን የሚቀንስ ኖራ ሳይጨመር አይሆንም። ዴስሞዲየምና ስታይሎ የተባሉት የመኖ ጥራጥሬዎች ግን አሲዱን ይችሉታል።

ጥያቄ (ከማና)፦ ኖራ በሄክታር ስንት ኩንታል ይበቃል?

መልስ፦ የማን ማሳ? አፈሩ ሳይመረመር ቁጥር አልሰጥም።

አስተያየት (ከዴዶ)፦ ኖራ የሚገዛ ገንዘብ ያለው ማን ነው? እናቴ ጓሮዋን በምድጃ አመድ ነው ያለማችው።

አስተያየት (ከቀርሳ)፦ የእናትዎን ጓሮ ያለማው አመዱ ሳይሆን የከብቶቹ ፍግ ነው።

አስተያየት (ከዴዶ)፦ ያኔ ከብት አልነበረንም!

መልስ፦ አመድ አሲድን ይቀንሳል፤ ፍግም የአሉሚኒየሙን ጉዳት ያለዝባል። ነገር ግን ለአንድ ሄክታር የሚሆን አመድ ከየትኛው ምድጃ ይወጣል? ወደ መኖው እንመለስ።

ጥያቄ (ከሊሙ)፦ መኖዬ አላድግ አለኝ፤ ምን ላድርግ?

መልስ፦ የትኛው መኖ? መቼ ተዘራ? ሥሩን ነቅለው አይተዋል? ለሰቃው ጠያቂ የጻፍኩትን ሳያነቡ እንዲህ ያለ ጥያቄ ባይልኩ መልካም ነው።

ጥያቄ (ከሰቃ ጨቆርሳ)፦ ሰነጠቅሁት፤ ዐሥሩም ዕጢ ነጭ ነው። ጥቂት ዩሪያስ?

መልስ፦ አሁንም አይጨምሩ ብያለሁ፤ እንደ ዩሪያ ያለ የተዘጋጀ ናይትሮጅን ያገኘ ተክል ዕጢውን ችላ ይለዋል። ከማሳው ከዐሥር እስከ ዐሥራ አምስት ቦታ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ቆፍረው፣ አፈሩን በንጹሕ ባልዲ ደባልቀው አንድ ኪሎ ያህሉን ያስመርምሩ። የማዳበሪያ ጆንያ ግን አይጠቀሙ፤ ውጤቱን ያበላሸዋል።