ስለ ስካልብኤን ጠይቁኝ፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ስካልብኤን (scalbn) በሲ ቋንቋ የፍሎቲንግ ፖይንት (ነጥብ ያለው) ቁጥርን፣ ማሽኑ ቁጥር በሚጽፍበት መሠረት (ቤዝ) ፓወር ኤን የሚያባዛ ፈንክሽን ነው፤ ኤን ሙሉ ቁጥር ነው። ዛሬ የምንጠቀምባቸው ማሽኖች መሠረት ባብዛኛው 2 ነው። ጠይቁ።

ጥያቄ፦ በፓው (ፓወር በሚያሰላው የሲ ፈንክሽን) 2 ፓወር ኤንን አስልቼ ባባዛስ? ምን ይጎድለኛል?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ከዜሮ በላይ ያለው ትንሹ ዳብል (ባለ 64 ቢት የፍሎቲንግ ፖይንት ቁጥር) 2 ፓወር -1074 ነው። በ2 ፓወር 2000 አባዛው። መልሱ 2 ፓወር 926 ነው፤ ዳብል ውስጥ ዘና ብሎ ይገባል። ፓው ግን መጀመሪያ 2 ፓወር 2000ን ለብቻው ያሰላል። የዳብል ትልቁ ኤክስፖነንት (የ2 ፓወር) 1023 ስለሆነ ኢንፊኒቲ (ወሰን የለሽ) ይሰጥሃል። ከዚያ በኋላ ብታባዛውም ያው ኢንፊኒቲ ነው። በስካልብኤን ግን ትክክለኛውን 2 ፓወር 926 ታገኛለህ። ፓውን እዚህ አታስገቡ።

ጥያቄ፦ በስካልብኤን ሲባዛ ቢት ይጠፋል እንዴ?

መልስ፦ የዳብል ክልል ውስጥ እስካለሽ ድረስ አንድም አይጠፋም፣ እህቴ። 12 ማለት 1.5 ሲባዛ በ2 ፓወር 3 ነው። ኤንን -3 ስታደርጊ 1.5፣ በ3 ስትመልሺው 12። የቁጥሩን አሃዞች የሚይዙት 53ቱ ቢቶች ንቅንቅ አይሉም። ጣጣው ኤክስፖነንቱ ከ-1022 በታች ሲወርድ ነው። እዚያ ሰብኖርማል (ለዜሮ በጣም የቀረቡ፣ ባነሱ ቢቶች የሚጻፉ ቁጥሮች) ይጀምራል፤ ቢቶች ከቀኝ ይረግፋሉ። የረገፈ አይመለስም። በሁለት እርምጃ ከወረድሽ ደግሞ ሁለቴ ራውንድ ሊደረግ (ሊጠጋጋ) ይችላል። እኔ የመጨረሻዋ ቢት ለምን እንደተዛባች ስፈልግ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።

ጥያቄ፦ ኮዴ እምቢ አለኝ፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ የትኛው ኮድ? ያስገባኸውን ቁጥር፣ ኤንን እና የወጣውን ጻፍልኝ።

ጥያቄ፦ ስካልብኤን ከሌላው የሲ ፈንክሽን፣ ከኤልዲኤክስፕ (ldexp)፣ በምን ይለያል?

መልስ፦ ኤልዲኤክስፕ የሚያባዛው ሁልጊዜ በ2 ፓወር ኤን ነው። መሠረቱ 2 ከሆነ አንድ ናቸው።

አንድ አባል፦ መሠረቱ 2 ያልሆነ ማሽን የታለና?

ሌላ አባል፦ እንዴት የለም? በ1964 የወጣው የአይቢኤም ሲስተም 360 መሠረቱ 16 ነበር።

የመጀመሪያው፦ እሱማ ድሮ ቀረ።

ሁለተኛው፦ አልቀረም። የአይቢኤም ሜይንፍሬሞች (ትልልቅ ኮምፒውተሮች) መሠረት 16ን አሁንም ይደግፉታል።

መልስ፦ ተዉት፣ ቁም ነገሩ ሌላ ነው። መሠረቱ 16 ሲሆን በ2 ማባዛት ቢት ሊያስጥል ይችላል፤ በ16 ማባዛት ግን አያስጥልም። የመሠረቱ ፋይዳ እዚህ ጋ ነው።

ጥያቄ፦ ጃቫ ላይስ?

መልስ፦ ማዝ (Math) በሚባለው ክላስ ውስጥ ስካልብ የሚባል ተመሳሳይ ፈንክሽን አለ፣ ከጃቫ 6 ጀምሮ።

ጥያቄ፦ ግን ፓው ቢሆን ችግር አለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የመጀመሪያውን መልስ አንብብ። 2 ፓወር 2000 የሚለውን።