ስፒል አልይዝ ያለ የዳንቴል ትራስ

ጥያቄ፦ በቦቢን (ክር በሚጠቀለልበት ትንሽ እንጨት) ዳንቴል የምሠራበት የስታይሮፎም ትራስ መሃሉ ላይ ስፒል መያዝ አቆመ። ክሩን ጠበቅ ሳደርግ ስፒሉ ይጋደምና ሥራው ይዛባብኛል። አዲስ ልሠራ ስለሆነ ምን ብሞላው ይበረክታል? ሰጋቱራስ ይሆናል?

መልስ፦ የትራስ ዕድሜ የሚለካው ስፒል ሲነቀል ቀዳዳው ተመልሶ በመግጠሙ ነው። ስታይሮፎም እርስ በርስ የተጣበቁ ትናንሽ እንክብሎች ስለሆነ ስፒል ሲወጋው ይሰበራል፤ ተመልሶ አይገጥምም። በተለይ የዳንቴሉ ጠርዝ በሚያልፍበት መስመር ስፒል እየተደጋገመ ስለሚሰካ እዚያ ላይ ቦይ ይሠራል።

እኛ የምንመርጠው ጭድ ነው። ስፒሉ በሰበዞቹ መካከል ሾልኮ ይገባል፤ ሲነቀል ሰበዞቹ መልሰው ይገጥማሉ። በደንብ የደረቀ የስንዴ ወይም የገብስ ጭድ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር አድርገው ይቁረጡ። 50 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ስስ ጣውላ ላይ ከወፍራም አቡጀዲ የተሰፋ ከረጢት ያያይዙና እጅ የሚያስገባ ክፍተት ይተዉ። ከዳር ጀምረው በእፍኝ በእፍኝ እየጨመሩ በዱላ ይጠቅጥቁ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሞላ ብሎ ቶሎ ይሰፋዋል። ሁለት ቀን አሳድረው ቢያዩት ጎድሎ ያገኙታል፤ እንደገና ይጨምሩ። የጠና ትራስ በጡጫ ሲመቱት እንደ እንጨት ድም ይላል፤ አውራ ጣትም አያጎደጉደውም። ግማሹ ድረስ የተሰካ ስፒል በጎን ሲገፉት ካልተጋደመ በቂ ነው።

ሰጋቱራም ይሆናል፤ ነገር ግን ከባድ ነው፤ ብናኙም በስፌቱ ይወጣል። ስለዚህ ጥቅጥቅ ብሎ የተሠራ የውስጥ ከረጢት ይፈልጋል። ከሁሉ በላይ እርጥበቱን ይጠንቀቁ። ያልደረቀ ሰጋቱራ ስፒሉን ያዝገዋል፤ ዝገቱ በነጭ ክር ላይ ቡናማ ነጥብ ጥሎ ይቀራል፤ በማጠብም በቀላሉ አይለቅም። ስፒሎቹ የናስ ወይም የማይዝግ ብረት ይሁኑ። ስፖንጅና ጥጥ ለስላሳ ስለሆኑ አይሞክሯቸው።

ከመሙያው በላይ አንድ ድርብ የሱፍ ጨርቅ ያልብሱ፤ ስፒሉን አንቆ ይይዛል። የላይኛው ልባስ ለስላሳ፣ ጠቆር ያለና እየወለቀ የሚታጠብ የጥጥ ጨርቅ ይሁን። ጸጉራም ጨርቅ ክር ይይዛል።

አሮጌውን ትራስ ግን አይጣሉት። ያለቀውን መሃል በ15 ሳንቲ ሜትር ካሬ ቆርጠው ያውጡና ጠንካራ የፖሊኢቲሊን ፎም በጥብቅ ይግጠሙበት። ይህ ፎም ስፒል ሲነቀል ከስታይሮፎም በተሻለ ተመልሶ ይገጥማል፤ ሲያልቅም የሚቀየረው ያ ቁራጭ ብቻ ነው።