ጫፉ አንድ ነው፣ ሆዱ ግን ሌላ

ጥያቄ፦ የሰርግ ፎቶና ቪዲዮ ነው የምሠራው። ለጥር ይደርስልኛል ብዬ በሰከንድ 1000 ሜጋባይት ይገለብጣል የተባለ ኤስኤስዲ (ፋይል ማስቀመጫ ዲስክ) ገዛሁ። የራሱ ገመድ ስለጠፋብኝ በስልኬ ቻርጀር ገመድ ነው የምጠቀመው፣ ጫፉ ግጥም ብሎ ይገባል። ግን የአንድ ሰርግ 200 ጊጋባይት ለመገልበጥ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ፈጀብኝ። ዲስኩ ፎርጅድ ይሆን እንዴ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ዲስኩን ገና አትማው ወንድሜ፣ መጀመሪያ ገመዱን ጠርጥር።

ዩኤስቢ ሲ የሚባለው የጫፉ ቅርጽ ነው። ያ ሞላላው፣ ላይና ታች የሌለው። ስለ ፍጥነት ምንም አይነግርህም። አብዛኛው የስልክ ቻርጀር ገመድ ጫፉ አዲስ ይሁን እንጂ ውስጡ ዩኤስቢ 2.0 ነው፣ በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው ደረጃ፣ በሰከንድ 480 ሜጋቢት። ይሄ ሜጋቢት ነው እንጂ ሜጋባይት አይደለም! አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ ለ8 ስታካፍለው 60 ሜጋባይት ይመጣል፣ በተግባር ደግሞ ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት ቢሰጥህ ነው። እስቲ 200 ጊጋባይትህን በሰከንድ 35 ሜጋባይት ሂሳብ አስላው፦ አንድ ሰዓት ከ35 ደቂቃ ገደማ። ያቺው ያንተ ሰዓት።

2.0 ገመድ ውስጥ ፋይል የሚያልፍባቸው ሽቦዎች ሁለት ብቻ ናቸው፣ የቀሩት ኤሌክትሪክ ነው የሚሸከሙት። 3.0 በ2008 ሲመጣ ነው ሽቦ የተጨመረው። ስልክ ለመሙላት ግን ትርፍ ሽቦ ምን ያደርጋል? ገመዱን ያወፍራል፣ ዋጋውን ያስወድዳል። ይሄ የርካሽ ዕቃ ነገር እንዳይመስልህ፣ አይፎን 15 ፕሮ እንኳ ሶኬቱ በሰከንድ 10 ጊጋቢት (10,000 ሜጋቢት) የሚችል ሆኖ ሳለ ካርቶኑ ውስጥ አብሮት የሚመጣው ገመድ 2.0 ነው።

ልትገዛ ስትሄድ በስሙ አትጨቃጨቅ። 3.0 የነበረው በኋላ 3.1 ጄን 1፣ ቀጥሎ 3.2 ጄን 1 ተብሏል፣ ሦስቱም ያው 5 ጊጋቢት ናቸው (ይሄን ስም ያወጣው ሰው ሱቅ ሄዶ ገመድ ገዝቶ የሚያውቅ አይመስለኝም)። ቁጥሩን ብቻ ጠይቅ፣ ስንት ጊጋቢት ነው? ላንተ ዲስክ 10 የሚል ያስፈልግሃል፣ ርዝመቱም ከ1 ሜትር ባይበልጥ ይሻላል። 240 ዋት የሚል ትልቅ ጽሑፍ አይሸውድህ፣ እሱ የቻርጅ አቅም ነው። 240 ዋት ሆኖ ፋይል ላይ 2.0 የሆነ ገመድ ሞልቷል።

ከቻልክ ላፕቶፑንና ዲስኩን ይዘህ ሂድና ሱቁ ውስጥ 5 ጊጋባይት ፋይል ገልብጥ። ሁለት ደቂቃ ካለፈው ገመዱን እዚያው መልስ። ግን የላፕቶፕህ ሶኬት ራሱ የድሮ 2.0 ከሆነ የትኛውም ገመድ አያድንህም፣ እሱን አስቀድመህ አረጋግጥ።

ጥያቄ፦ ድምፁ ስለሚረብሸኝ ፕሪንተሩን ወደ ጥግ አርቄ በ10 ሜትር ዩኤስቢ ገመድ አገናኘሁት። አንዳንዴ ያትማል፣ አንዳንዴ ኦፍላይን ይላል። ባለሙያው ፈጣን ገመድ ግዢ ብሎኛል። (የቢሮ ጸሐፊ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ ችግሩ ፍጥነት ሳይሆን ርቀት ነው። ዩኤስቢ 2.0 የተሠራው እስከ 5 ሜትር ነው፣ ከዚያ ሲያልፍ እንዲህ ይወላገዳል። ለፕሪንተር ያ አራት ማዕዘን ጫፍ ያለው ተራው 2.0 ገመድ ከበቂ በላይ ነው፣ ወረቀቱ ከሚወጣበት ፍጥነት በላይ ምን ይፈለጋል? ፕሪንተሩ የኔትወርክ ሶኬት ካለው ግን እሱን ተጠቀሚ። የኔትወርክ ኬብል 100 ሜትር ድረስ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ከዩኤስቢ ሲ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚሄድ ገመድ ገዛሁ፣ ሞኒተሩ ግን ምንም አያሳይም። የጓደኛዬ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል።

መልስ፦ እንግዲያው ገመዱ ደህና ነው። ሁሉም ዩኤስቢ ሲ ሶኬት ምስል አያወጣም። ሶኬቱ አጠገብ የመብረቅ ወይም የዲስፕሌይፖርት ምልክት (ዲ እና ፒ የተቆላለፉበት) ካለ ያወጣል ማለት ነው። ምልክቱ ከሌለ የላፕቶፑን ሞዴል ኢንተርኔት ላይ ፈልግ፣ አንዳንዱ ምልክት ሳይደረግበትም ይሠራል። ላፕቶፕህ የራሱ ኤችዲኤምአይ ሶኬት ካለው ደግሞ ምን አደከመህ፣ ተራ የኤችዲኤምአይ ገመድ ገዝተህ ሰካው። ወርቅ የተቀባ ነው ብለው ዋጋ ከቆለሉብህ ግን እለፋቸው፣ ምስሉ ያው ነው።