የባሕር ዳርቻ ስታይል ለምትወዱ ወጣቶች

ልጆቼ፣ በቤት ውስጥ ዲዛይን ሥራ ላይ ብዙ ዘመን ቆይቻለሁ። ሙቀቱ በበረታ ቁጥር ወጣቶች አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። ቤቴም አለባበሴም የባሕር ዳርቻ መንፈስ ይኑረው ይላሉ። ጥያቄውን እወደዋለሁ፤ ብርሃንና አየር መፈለግ ጤናማ ምኞት ነው። የሚያሳስበኝ አብሮ የሚመጣው የዕቃ ዝርዝር ነው፤ መልህቅ የታተመበት ትራስ፣ የፕላስቲክ ኮከብ ዓሣ፣ የመርከብ መሪ የሚመስል የግድግዳ ሰዓት። ይህ ሁሉ ተገዝቶም ክፍሉ እንደ ድሮው ጨለማና የታፈነ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ባሕር ላይ የሚሠሩ ሰዎች ይህን ስታይል ያመጡት ለጌጥ ብለው አልነበረም። ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ጨው ብረት ይበላል፣ ነፋሱ ያገኘውን ይጠርጋል፣ መርከቡ ጠባብ ነው። ለእያንዳንዱ ችግር መላ ፈለጉ። ዛሬ እኛ ቆንጆ የምንለው ያንን መላ ነው። ስለዚህ አንድ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ለምን እንደዚያ እንደተሠራ ጠይቁ።

ባለ መስመሩን ከነቴራ እንውሰድ። የፈረንሳይ ባሕር ኃይል በ1858 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ ለመርከበኞች ከነቴራ የመስመሩን ስፋት ሳይቀር ወስኖ ነበር። ነጩ መስመር 20 ሚሊ ሜትር፣ ሰማያዊው 10 ሚሊ ሜትር። ልብ በሉ፣ ነጩ የሰማያዊው እጥፍ ነው። ዓይን የሚያርፈው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ሁለቱ እኩል የሆኑበትን ከነቴራ ከሩቅ እዩት፣ ያጥበረብራል። ስትገዙ ይህችን ብቻ ብታዩ ብዙ ትጠቀማላችሁ።

በኋላ የልብስ ዲዛይነሯ ኮኮ ሻኔል በ1913 እ.ኤ.አ. ዶቪል በምትባለው የፈረንሳይ የባሕር ዳርቻ ከተማ ሱቅ ከፈተች። ጀርሲ የሚባለው የሚለጠጥ ጨርቅ ያኔ በአብዛኛው ለወንዶች የውስጥ ልብስ የሚውል ነበር። እሷ የሴቶች ልብስ ሰፋችበት። ወገባቸውን ተጠፍረው የኖሩ ሴቶች እንደልባቸው የሚራመዱበት ልብስ አገኙ። የበጋ ልብስ ስትለኩ እጃችሁን ወደ ላይ አንሱ፣ ቁጭ ብድግ በሉ። ከያዛችሁ ተዉት፣ የቱንም ያህል ቢያምር።

ስለ ጨርቅ ትንሽ ልዘግይ፤ ወጣቶች በብዛት የሚታለሉት እዚህ ላይ ነው። ሊነን ከተልባ ተክል ግንድ የሚወጣ ክር ነው። ላብ ቶሎ ይመጥጣል፣ ቶሎም ይደርቃል። ገበያው ላይ ግን ሊነን መሰል ፖሊስተር ሞልቷል። የጨርቁን ጫፍ በመዳፋችሁ ጨብጣችሁ ትንሽ ቆዩና ልቀቁት። እውነተኛ ሊነን ጥርት ያለ ጭምድድ ይይዛል። ፖሊስተሩ ምንም እንዳልሆነ ተመልሶ ይዘረጋል። ወደ ብርሃን አንስታችሁም እዩት፤ የሊነን ክር አንዳንድ ቦታ ወፈር፣ አንዳንድ ቦታ ቀጠን ይላል። ደግሞ መጨማደዱን አትፍሩት። ሊነንን ተኩሶ እንደ ካርቶን ማድረግ ጨርቁን አለማወቅ ነው።

ወደ ቤት ስንገባ ሁሉም ነጭ ቀለም ይላል። የግሪክ ደሴቶች ቤቶች ነጭ የሆኑት በኖራ ስለሚቀቡ ነው፤ ነጩ ኃይለኛውን ፀሐይ ይመልሳል። ፀሐይ የማይገባበት ክፍል ውስጥ ግን ያው ነጭ ግራጫ ይመስላል፣ ይቀዘቅዛል። እንዲህ ላለ ክፍል ወደ አሸዋ የሚያደላ ነጭ ምረጡ። ቀለሙን ትልቅ ወረቀት ላይ ቀብታችሁ ግድግዳው ላይ ለጥፉት። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ በመብራት ካላያችሁት አትወስኑ።

ሰማያዊውን ደግሞ አሳንሱት። ውኃ የብርሃንን ቀይ ክፍል ስለሚውጥ ባሕር ጥልቀቱ በጨመረ ቁጥር ይጠቁራል። አንድ ዓይነት ሰማያዊ ሁሉም ነገር ላይ ሲደገም የሞተ የሚመስለው ለዚህ ነው። ደብዘዝ ያለና ጠቆር ያለ ሰማያዊ አቀላቅሉ። ዳርቻው ራሱ ደግሞ በአብዛኛው አሸዋ፣ ድንጋይና ደረቅ ሣር ነው። ምንጣፉ፣ እንጨቱና መጋረጃው ከዚያ ቀለም ይምጣ።

እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው የመርከብ ክፍልን ነው። አንድ ክፍል ተከራይታችሁ ለምትኖሩ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። መርከብ ላይ አልጋው ሥር መሳቢያ አለ። ጠረጴዛው ይታጠፋል። የመደርደሪያው ጠርዝ ዕቃ እንዳይወድቅ ከፍ ተደርጎ ይሠራል። ልብስ መንጠቆ ላይ ይሰቀላል። ሥራ የሌለው ዕቃ የለም። አንድ ታጣፊ የሸራ ወንበር መልህቅ ከታተመባቸው አምስት ትራሶች የበለጠ ባሕሩን ያመጣል፤ ቦታ ሲጠብ አጥፋችሁ ከበር ኋላ ታቆሙታላችሁ።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ኮራል አትግዙ፣ ከዳርቻም ዛጎል አትልቀሙ። ኮራል እንስሳ የሠራው ቤት ነው፣ የሚያድገውም በጣም በዝግታ ነው። ባዶ የሚመስለውን ዛጎል ደግሞ ሆዱን የሚሸፍን ጠንካራ ልባስ የሌለው የሸርጣን ዓይነት ገብቶ ይኖርበታል። ለመደርደሪያችን ስንል ቤቱን መውሰድ የለብንም። ሻካራ የሸክላ ሳህን ወይም ጥቅልል ገመድ ቦታውን ይሸፍናል።

ባርኔጣ ላይ አልቆይም። ፓናማ የሚባለው የገለባ ባርኔጣ አገሩ ኢኳዶር ነው፣ አሠራሩም በ2012 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በቅርስነት ተመዝግቧል። በእጅ የተሠራ ካገኛችሁ አናቱን ቆንጥጣችሁ አታንሱት፣ እዚያው ይሰነጠቃል። በጠርዙ ያዙት።

አሁን ልትጀምሩ ከሆነ ገበያ አትውጡ። ከባዱን መጋረጃ አውርዱ፣ መስኮቱ ፊት የቆመውን ዕቃ አንሱ፣ መስታወቱን እጠቡ። ሳምንት ያህል እንዲያ ኑሩበት። የሚጎድለውን ያኔ ታውቁታላችሁ።