ለረጅም ጊዜ ውጭ አገር ለሚቆይ ሰው፦ ከካርዱ ላይ ገንዘብ የሚቆርጠው ማን ነው?

እህቴ፣ ለስድስት ወር ውጭ አገር ልትቆዪ ስለሆነ ገንዘቡን በጥሬው ይዞ መሄድ ይሻላል ወይስ በካርድ መጠቀም፣ በካርድ ከሆነስ የሚቆረጠው ክፍያ እንዴት ይቀንሳል ብለሽ ጠይቀሻል። በሥራ ምክንያት ከአገር አገር ስዘዋወር የኖርኩ ነኝና የማውቀውን ልንገርሽ። በእኔ እምነት ካርድ ይሻላል። ጥሬ ገንዘብ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቀናት ካሻገረሽ ይበቃል። የስድስት ወር ወጪ በቦርሳ ይዞ መዞር ሌባንም ጉምሩክንም መጋበዝ ነው፤ ለምሳሌ 10,000 ዩሮና ከዚያ በላይ ይዞ ወደ አውሮፓ ኅብረት የሚገባ ሰው ማስመዝገብ ግዴታው ነው።

ሰው ሁሉ «ካርዱ ቆረጠብኝ» ይላል እንጂ የቆረጠው ማን እንደሆነ አይጠይቅም። አንደኛው ካርዱን የሰጠሽ ባንክ ነው፤ በውጭ ምንዛሪ በከፈልሽ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 በመቶ ይወስዳል። ይህን ክፍያ የማይጠይቁ ካርዶች ስላሉ ከመሄድሽ በፊት የባንኩን የክፍያ ዝርዝር አንብቢ። ሁለተኛው ገንዘቡን የሚመነዝረው የቪዛ ወይም የማስተርካርድ መረብ ነው። የሁለቱም ዕለታዊ ተመን በድረ ገጻቸው ይወጣል፤ ለትልልቅ ነጋዴዎች ከሚሰጠው ተመን ብዙም ስለማይርቅ በእርሱ አትጨነቂ። ሦስተኛው የኤቲኤሙ ባለቤት ነው። እርሱ ብዙ ጊዜ የሚያስከፍለው ቁርጥ ያለ ሂሳብ ስለሆነ ትንሽ ትንሽ እያሉ ማውጣት ያከስራል። ማሽኑ በአንድ ጊዜ 5 ዶላር የሚወስድ ከሆነ 50 ዶላር ስታወጪ 10 በመቶ፣ 250 ስታወጪ ግን 2 በመቶ ከፈልሽ ማለት ነው።

ከእነዚህ ሁሉ የባሰው ግን ሳይጋበዝ የሚመጣው አራተኛው ነው። የምስጢር ቁጥርሽን አስገብተሽ የምታወጪውን መጠን ከመረጥሽ በኋላ ማሽኑ «በራስዎ አገር ገንዘብ ልመንዝርልዎት?» ይላል። ሂሳቡ በምታውቂው ገንዘብ እስከ ሳንቲሙ ተሰልቶ ይቀርባል፤ ተመኑ የተረጋገጠ ነው የሚል ማባበያም አይጠፋውም። መልሱ ሁልጊዜ እምቢ ነው። ብዙ ሰው «አልቀበልም» የሚለውን ከነካ ገንዘቡ የሚቀርበት ይመስለዋል፤ አይቀርበትም፤ እምቢ ያለው ምንዛሪውን ብቻ ነው። ማሽኑ በቆሙበት አገር ገንዘብ ይሰጥና ስሌቱን ለካርዱ መረብ ይተዋል። በአውሮፓ ኅብረት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ እንዲህ ያለ አገልግሎት ከአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ተመን በላይ ስንት በመቶ እንደሚጨምር ለደንበኛው እንዲያሳይ ተገድዷል፤ ያንን ቁጥር አንድ ጊዜ ያየ ሰው ሌላ ምክር አያስፈልገውም። ሱቅና ሆቴል ውስጥ ደግሞ ሻጩ ሳይጠይቅሽ በራስሽ አገር ገንዘብ የሚለውን ሊመርጥልሽ ስለሚችል ከማጽደቅሽ በፊት በካርድ ማሽኑ ላይ የተጻፈው የየትኛው አገር ገንዘብ እንደሆነ ተመልከቺ። የአንቺ አገር ከሆነ «ሰርዘው በዚህ አገር ገንዘብ አድርገው» በይ። ማፈር አያስፈልግም።

በመንገድ ዳር የምንዛሪ መስኮቶች የሚለጠፈው «ያለ ኮሚሽን» የሚል ጽሑፍም አያታልልሽ፤ ትርፉ በመግዣና በመሸጫ ተመን ልዩነት ውስጥ ተቀምጧል።

በክሬዲት ካርድ፣ ማለትም ባንኩ አበድሮሽ በኋላ በምትከፍዪው ካርድ፣ ጥሬ ገንዘብ አታውጪ። ለዕቃ ሲከፈልበት የእፎይታ ጊዜ ያለው ካርድ እንኳ ለጥሬ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያው ቀን ጀምሮ ወለድ ይቆጥራል፤ የማውጫ ክፍያውም ለብቻው ነው። ለሆቴልና ለመኪና ኪራይ ግን ክሬዲት ካርዱ ይሻላል። እነርሱ ለዋስትና የሚይዙት ገንዘብ በዴቢት ካርድ ከሆነ በቀጥታ ከተቀማጭሽ ላይ ይታገድና ከተለያያችሁ በኋላም ለቀናት ሊቆይ ይችላል። የወሩ ወጪሽ በዚያው ሂሳብ ላይ ከሆነ ሀብታም ሆነሽ ትራቢያለሽ።

የእኔ ልማድ ዋናውን ገንዘብ ካርድ በሌለው ሂሳብ አስቀምጦ በየሳምንቱ የሳምንቱን ብቻ ወደ ካርዱ ሂሳብ ማዛወር ነው። ካርዱ ቢሰረቅ የሚሄደው ትንሽ ነው፤ እጄም ሳይወድ በግድ ይሰበሰባል። ካርዶችሽ ሁለት ይሁኑ፤ የተለያየ ባንክ፣ ቢቻል አንዱ ቪዛ ሌላው ማስተርካርድ፤ በአንድ ቦርሳ ግን አይቀመጡ። ኤቲኤም ስትጠቀሚ ባንክ ቅጥር ውስጥ ያለውን በሥራ ሰዓት ምረጪ፤ ካርድሽን ቢውጠው የምትጠይቂው ሰው አለ።

ሰዎች ከሁሉ የሚዘነጉት ስልኩን ነው። ባንኩ የማረጋገጫ ኮድ የሚልከው አገር ቤት ባስመዘገብሽው ቁጥር ከሆነና ሲም ካርዱ ውጭ አገር የማይሠራ ከሆነ፣ ገንዘብሽ እያለ በኢንተርኔት መክፈልም ማዛወርም አትችዪም። ከመሄድሽ በፊት ማረጋገጫው በባንኩ መተግበሪያ እንዲሆን አስደርጊ፤ ካልሆነም ቁጥርሽ ውጭ አገር መልእክት መቀበሉን አጣሪ። የካርዱንም የአገልግሎት ማብቂያ ቀን እግረ መንገድሽን ተመልከቺ፤ በቆይታሽ መካከል የሚያበቃ ከሆነ አሁኑኑ አስቀይሪው፤ አዲሱ ካርድ አንቺ በሌለሽበት የአገር ቤት አድራሻሽ ሊላክ ይችላልና።