መልስ፦ መጀመሪያ የምጠይቀው «ልጅ ሲያለቅስ ምን ታደርጋላችሁ?» ብዬ ነው

እህቴ፣ ለ3 ዓመት ልጅሽ መዋዕለ ሕፃናት ስትመርጪ ምን መጠየቅ እንዳለብሽ ጠይቀሻል። እኔ ከሁሉ በፊት የምጠይቀው «ልጅ ሲያለቅስ ወይም ሲማታ ምን ታደርጋላችሁ?» ብዬ ነው። ለዳይሬክተሯ ብቻ ሳይሆን ክፍል ውስጥ ለምትውለው መምህርትም አቅርቢላት። «አቅፈን እናረጋጋዋለን፣ ከዚያ ምን እንደሆነ እናወራዋለን» ካለችሽ ደስ ይላል። «እንቀጣዋለን» ካለች ግን ግቢው የቱንም ያህል ቢያምር እኔ ልጄን አላስገባም።

ከዚያ ቁጥሩን። ለአንድ መምህርት ስንት ልጅ ነው? በዚህ ዕድሜ ከ10 ከበለጠ ለሁሉም መድረስ በጣም ይከብዳታል። የአምናዎቹ መምህራን ዘንድሮም አሉ ወይ በያት፤ ሠራተኛ ቶሎ ቶሎ የሚለቅበት ቦታ ከሆነ ልጁ አንዷን ለመድኳት ሲል ሌላ ትመጣበታለች፣ ይሄ ደግሞ ለትንሽ ልጅ ቀላል አይደለም።

ፊደል ቶሎ ያስቆጥራሉ ወይ በሚለው ብዙ አትጨነቂ። ይልቅ በቀን ምን ያህል ውጭ ይጫወታሉ? ሽንት ቤት ማን ይወስዳቸዋል? ከአንቺ ሌላ ሰው ልጁን ልውሰድ ብሎ ቢመጣ እንዴት ያጣራሉ? ምግብ ቢያንቀው ወይም ቢወድቅ የመጀመሪያ እርዳታ የሰለጠነ ሰው አለ? ለዚህኛው የተድበሰበሰ መልስ አትቀበዪ።

ደግሞ ባዶ ክፍል አይተሽ እንዳትመለሺ፣ ልጆቹ ባሉበት ሰዓት ሂጂ። 20 ደቂቃ ያህል ጥግ ይዘሽ ተመልከቺ። መምህርቷ በርከክ ብላ ዓይናቸውን እያየች ነው የምታወራቸው ወይስ ከሩቅ እየጮኸች? ወላጅ ሳይናገር ብቅ ማለት ይችላል ወይ ብለሽም ጠይቂ።